ሰማንያ የሌለባት አገር፦ እስራኤል የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን አታጋባም፣ ግን ትመዘግባለች

ሰሞኑን ቡና ላይ ክርክር ተነሳ። አንዱ «እስራኤል ውስጥ ወንድ ከወንድ መጋባት ተፈቅዷል፤ መታወቂያቸው ላይ ሳይቀር ይጻፋል» አለ። ሌላው አላስጨረሰውም፤ «ራባኑት ባለበት አገር? በፍጹም! ክልክል ነው» ብሎ አቋረጠው። (ራባኑት የሚባለው በእስራኤል የአይሁዶችን ጋብቻ የሚቆጣጠረው የራቢዎች፣ ማለትም የአይሁድ ሃይማኖት አባቶች፣ ተቋም ነው።) አቦሉ አልቆ በረካው እስኪደርስ ሁለቱም አንድ ጋት አልተነቃነቁም። እኔን የገረመኝ ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው።

በእስራኤል ምድር ላይ ሁለት ወንዶችን ወይም ሁለት ሴቶችን የማጋባት ሥልጣን ያለው አካል የለም። ውጭ አገር ተጋብተው ወረቀታቸውን ይዘው የመጡትን ግን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ እዚያ ያለ ሐበሻ ሁሉ በሚያውቀው ስሙ ሚስራድ ሃፕኒም፣ «ያገባ» ብሎ ይመዘግባቸዋል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ነው ከዚህ በታች የማስረዳው። ትክክል ነው ወይም አይደለም ብሎ መፍረድ የአንባቢው ድርሻ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጋብቻ» ስንል የትኛውን ነው?

ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ቃሉ ከጸሐፊው ቀድሞ ይፈርዳል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚጠቀምበት «ግብረ ሰዶም» የድርጊት ስም ነው፤ ከነኃጢአቱና ከነቅጣቱ የሚመጣ ቃል። እዚህ የምናወራው ስለ መዝገብ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ጡረታና ስለ ፍቺ ስለሆነ «የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው ቃል «ጋብቻ» ነው። ደግነቱ በዚህ በኩል አማርኛ ተናጋሪ ከብዙዎቹ የተሻለ መነሻ አለው፤ አያቶቻችን ቁርባንንና ሰማንያን ለይተው ያውቁ ነበርና። የቆረቡ ባልና ሚስት በቤተ ክርስቲያን ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ሞት እስኪለያቸው የታሰሩ ናቸው። የሰማንያዎቹ ደግሞ በሽማግሌና በምስክር ፊት ውል የተዋዋሉ ናቸው፤ ንብረት ይቆጠራል፣ ሳይስማሙ ሲቀሩ ውሉ ይፈርሳል፣ ይካፈሉና ይለያያሉ። በሁለቱም መንገድ ባል ባል ነው፣ ሚስትም ሚስት ናት። ነገር ግን የአንዱን ቋጠሮ የያዘው እግዚአብሔር ነው፣ የሌላውን ዳኛ። ዛሬም የተሻሻለው የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ሦስት በሮች አሉት፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት መጋባት፣ በሃይማኖት ሥርዓት መጋባት፣ በባህል መጋባት።

እስራኤል ሰማንያ የሌለባት አገር ናት። የቀረው ውስብስብ ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ታዲያ እዚያ አገር የሚያጋባው ማን ነው?

ሥርዓቱ ከኦቶማን ቱርኮች የወረደ ነው። ኦቶማኖች እያንዳንዱ የሃይማኖት ማኅበረሰብ ጋብቻውንና ፍቺውን በራሱ ዳኞች እንዲጨርስ ይተዉት ነበር፤ ለገዢ የሚመች አሠራር ነው፣ ጣጣው ለባለ ጉዳዩ ይቀራል። እንግሊዞች ፍልስጤምን ሲያስተዳድሩ በ1922 ባወጡት ድንጋጌ ይህንኑ አስቀጠሉት። የእስራኤል መንግሥት ከተመሠረተ በኋላም ክኔሴት፣ ማለትም የአገሪቱ ፓርላማ፣ በ1953 ባወጣው ሕግ የአይሁዶችን ጋብቻና ፍቺ ለራቢዎች ፍርድ ቤት ሰጠ። ፍርድ ቤቱም የሚዳኘው በኦሪት ሕግ፣ እነሱ ሃላኻ በሚሉት ነው። ሙስሊሙ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ድሩዙ ወደ ድሩዞች፣ ክርስቲያኑ መንግሥት ወዳወቃቸው አብያተ ክርስቲያናት። ማዘጋጃ ቤት ገብቶ ፈርሞ መውጣት የሚባል ነገር የለም።

በዚህ የተነሳ ከበሩ ውጭ የሚቀረው ሰው የተመሳሳይ ፆታ ጥንድ ብቻ አይደለም። አይሁዳዊ ክርስቲያን ማግባት ቢፈልግ አገር ውስጥ የሚያጋባው የለም። ከካህናት ዘር ነው የሚባል ሰው፣ ኮሄን የሚሉት፣ ፈት ሴት ማግባት አይፈቀድለትም። ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች አሉ። በአንድ አያታቸው አይሁዳዊነት የመግባት መብት አግኝተው ዜጋ ሆነዋል፤ ነገር ግን እናታቸው አይሁዳዊት ስላልሆነች በራቢዎች ዓይን አይሁዶች አይደሉም። ግብር ይከፍላሉ፣ ይዘምታሉ፣ ማግባት ግን አይችሉም። በ2010 ክኔሴት አንዲት ትንሽ መስኮት ከፈተ፦ ሁለቱም ወገኖች ሃይማኖት የለሽ ተብለው የተመዘገቡ ከሆነ በውል መጣመር ይችላሉ። ሁለቱም መሆን አለባቸው እንጂ አንዳቸው አይበቃም።

በሩ ምን ያህል በጥብቅ እንደሚጠበቅ ለማየት የ2018ቱን የሃይፋ ነገር ማስታወስ ነው። ራቢ ዶቭ ሃዩን ከኦርቶዶክሱ የአይሁድ ሥርዓት የተለየው የኮንሰርቫቲቭ እንቅስቃሴ ራቢ ናቸው፤ ያጋቡት ወንድና ሴት ነው። ከራባኑት ውጭ አይሁዶችን ማጋባት ከ2013 ወዲህ እስከ ሁለት ዓመት እስር ሊያስቀጣ ስለሚችል፣ በሐምሌ ወር ጎህ ሲቀድ ፖሊስ ቤታቸው መጥቶ ለምርመራ ወሰዳቸው። አስተውሉ፦ ራቢ ናቸው፣ ሙሽሮቹ ወንድና ሴት ናቸው፣ ሥርዓቱም የአይሁድ ሥርዓት ነው።

ይህ ለእኛ ሰዎች አዲስ ነው?

አይደለም። ቤተ እስራኤሎች ይህን በር ከውጭ ቆመው ያዩት ናቸው።

ከአገሪቱ ዋና ራቢዎች አንዱ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 «አይሁዶች ናቸው» ብለው ፈርደዋል፤ በ1975 ለአይሁዶች የመግባት መብት የሚሰጠው ወደ አገር የመመለስ ሕግ እንዲያካትታቸው ተወስኗል። በሱዳን በረሃ አቋርጠው፣ በመንገድ ስንቱን ቀብረው፣ በ1984 እና 85 በሙሴ ዘመቻ ሲገቡ ግን ራባኑት ሌላ ጥያቄ አቀረበ፦ «ለጥንቃቄ» ሲባል ማግባት የሚፈልግ በሚክቬ፣ ማለትም በመንጻት ገንዳ፣ ውሃ ውስጥ ይነከር። ቀደም ሲል ከወንዶቹ የምልክት ጠብታ ደምም ይጠየቅ ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ ጎንደር ላይ ቄሱ በሙሽራው ግንባር ነጭና ቀይ ክር አስረው ያጋቧቸው ሰዎች ልጅ ኢየሩሳሌም ደርሶ «አይሁዳዊነትህ ያጠራጥራል» ይባላል። ቄሶቹም ራሳቸው የማጋባት ሥልጣን አልተሰጣቸውም።

በ1985 መጸው ማኅበረሰቡ ኢየሩሳሌም ከዋናው ራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጦ ተቃወመ። የኔታኒያው ራቢ ዳዊድ ሸሉሽ ያለ መነከር አጋባለሁ ስላሉ ብዙ ጥንዶች ወደ እሳቸው ከተማ ይጓዙ ጀመር። ማለትም ጉዞው ሌሎች ለመጋባት እንደሚሄዱት ወደ ቆጵሮስ ባይሆንም ጉዞ ነበር።

ይህን ከተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ጉዳይ ጎን ማስቀመጤን የማይወዱ አንባቢዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ከቤተ እስራኤልም ብዙዎቹ በዚህ ጉዳይ ከራባኑት ጋር የሚስማሙ ናቸው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው አላልኩም። የበሩ ጠባቂ ግን አንድ ነው፤ ጠባቂው እንዴት እንደሚሠራ ሳይታወቅ የሚቀጥለው ክፍል አይገባም።

ቆጵሮስ ከምኑ ገባች?

ከቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ ቆጵሮስ፣ ላርናካ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ራባኑት የማያጋባቸው ወንድና ሴት፣ ወይም ራባኑትን የማይፈልጉ ጥንዶች፣ እዚያ ሄደው በከንቲባ ፊት ይፈርማሉ። ሲመለሱ ጥያቄው ይህ ነው፦ የሚስራድ ሃፕኒም ጸሐፊ ይህን ወረቀት ምን ያድርገው?

መልሱ የተሰጠው በ1963 ነው። ፉንክ ሽሌሲንገር የተባለች ቤልጂየማዊት ክርስቲያን በቆጵሮስ እስራኤላዊ አይሁዳዊ አገባች። ሚኒስቴሩ አልመዘግብም አለ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ዳኛ ዮኤል ዙስማን በጻፉት ውሳኔ፣ እንዲህ አለ፦ መዝጋቢው ዳኛ አይደለም። ሥራው የቀረበለትን ሰነድ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ውሸትነቱ ለማንም ግልጽ ካልሆነ በቀር፣ ጋብቻው በሕግ ይጸናል አይጸናም ብሎ የመመርመር ሥልጣን የለውም። መዝገቡ የስታቲስቲክስ መሣሪያ ነው።

የቀበሌ ጸሐፊን አስቡ። ልጅ ተወለደ ብላችሁ የሆስፒታል ወረቀት ይዛችሁ ስትሄዱ «አባቱ አንተ ለመሆንህ ምን ማረጋገጫ አለ?» ብሎ ዘር ልቁጠር አይልም። ወረቀቱን ያያል፣ ማኅተሙን ያያል፣ ይጽፋል። ዘር ለመቁጠር የፈለገ ፍርድ ቤት ይሂድ።

ክኔሴት በ1965 ያወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ይህንኑ ሐሳብ በጽሑፍ አኖረው። በመዝገቡ ላይ የሰፈረ ስም ወይም የልደት ቀን ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። ሃይማኖት፣ ብሔርና የጋብቻ ሁኔታ ግን ተለይተው ወጥተዋል፤ ተጽፈው ቢገኙም ማስረጃ አይደሉም። በሌላ አነጋገር መታወቂያችሁ «ያገባ» ስላለ አግብታችኋል ማለት አይደለም፤ «አግብቻለሁ ብሎ ወረቀት ያመጣ» ማለት ነው። ብዙ ሰው፣ ጋዜጠኞችም ጭምር፣ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በ2006 ምን ተወሰነ?

በመጀመሪያ ወንጀልነቱ መነሣት ነበረበት። እንግሊዞች ትተውት የሄዱት የወንጀል ሕግ በወንዶች መካከል የሚደረገውን ግንኙነት በእስር ይቀጣ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በፈቃደኛ አዋቂዎች ላይ ክስ እንዳይመሠረት በማዘዙ ሕጉ ወረቀት ላይ ብቻ ቆየ፤ በ1988 ክኔሴት ሰረዘው። ስረዛው ፈቃድ ሰጠ እንጂ መብት አልሰጠም።

ቀጥሎ ካናዳ አለች። የኦንታሪዮ ግዛት በ2003 የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ስትፈቅድ፣ ነዋሪ ወይም ዜጋ መሆንን አልጠየቀችም። አምስት እስራኤላውያን የወንድ ጥንዶች ቶሮንቶ ሄደው ተጋቡና ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ሚስራድ ሃፕኒም መጡ። መዝጋቢው አልመዘግብም አለ፤ «በእስራኤል ሕግ እንዲህ ያለ ጋብቻ የሚባል ነገር የለም» የሚል ነበር መከራከሪያው።

ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2006 በስድስት ለአንድ ድምፅ ጥንዶቹን ደገፈ። ዋናውን ውሳኔ የጻፉት አሃሮን ባራክ ናቸው። ያሉት ነገር ብዙ ሰው ከጠበቀው ያነሰ ነው፦ በእስራኤል የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ይጸናል አይጸናም የሚለውን አንወስንም፤ የምንወስነው መዝጋቢው የ1963ቱን ደንብ ለእነዚህም ይጠቀም ወይስ አይጠቀም የሚለውን ብቻ ነው። ይጠቀም።

ብቸኛው ተቃዋሚ ዳኛ ኤልያኪም ሩቢንስታይን ነበሩ። ሃይማኖተኛ ናቸው፣ መከራከሪያቸው ግን ሥልጣንን የሚመለከት ነበር። ማኅበረሰቡ መቀየሩን አልካዱም፤ የዚህን ያህል ትልቅ ተቋም ትርጉም የሚነካ ነገር በሕግ አውጪው ይወሰን እንጂ በመዝጋቢ መስኮት አይለፍ አሉ። እኔ ሁለቱንም ሳነብ የሩቢንስታይንን ስጋት አቅልዬ ማለፍ አልቻልኩም፦ «ስታቲስቲክስ ብቻ ነው» የተባለ ነገር ሲውል ሲያድር ስታቲስቲክስ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እንዳሉትም ሆነ።

ምዝገባው ምን ይሰጣል? ምን አይሰጥም?

የእስራኤል መታወቂያ ውስጥ ታጥፎ የሚቀመጥ ወረቀት አለ፣ ሰፋህ ይሉታል። አድራሻ፣ የትዳር ጓደኛ ስም፣ የልጆች ስም እዚያ ላይ ነው። ባንክ ብድር ሲጠየቅ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሆስፒታል «ምኑ ነህ?» ሲባል የሚወጣው ይህ ወረቀት ነው። በሕግ ማስረጃ አይሁን እንጂ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ የሕግ ጥናት አያነብም፤ ሰፋሁን አይቶ ይቀጥላል።

ነገር ግን እውነተኛዎቹ መብቶች አብዛኞቹ የመጡት በሌላ መንገድ ነው። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩትን እንደሚያውቃቸው ሁሉ፣ እስራኤልም «በሕዝብ የታወቁ» የምትላቸው ጥንዶች አሏት። ማንም ያላጋባቸው፣ ግን ጎረቤት ሁሉ እንደ ቤተሰብ የሚያያቸው ናቸው። ሰማንያ ባለመኖሩ ይህ መደብ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ከተጋቡት ብዙም አይለይም። የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችም የገቡት በዚሁ በኩል ነው፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየጉዳዩ፣ በየክሱ።

የመጀመሪያው ትልቅ ክስ ስለ አውሮፕላን ትኬት ነበር። የእስራኤሉ አየር መንገድ ኤል አል ለሠራተኞቹ የትዳር ጓደኛ፣ ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩትም ጭምር፣ በዓመት ነጻ ትኬት ይሰጥ ነበር። የበረራ አስተናጋጁ ዮናታን ዳኒሎቪች ለወንድ አጋሩ ጠየቀ፣ ተከለከለ። በ1994 ፍርድ ቤቱ በሁለት ለአንድ ፈረደለት። ክኔሴት ከሁለት ዓመት በፊት በሥራ ቅጥር ሕጉ ላይ በፆታ ዝንባሌ ምክንያት ማዳላትን ከልክሎ ስለነበር መንገዱ ተጠርጎ ቆይቷል። ከትኬት የተጀመረው ወደ ውርስ ሄደ፦ በ2004 የናዝሬት አውራጃ ፍርድ ቤት የሞተ አጋርን መውረስ ይቻላል አለ። የውርስ ሕጉ «ወንድና ሴት» የሚል ቃል እያለበት ነው ይህን የተረጎመው። በ2005 አንዲት ሴት የአጋሯን የሥጋ ልጅ በማደጎ መያዝ እንደምትችል ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወሰነ። በ2014 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጊዶን ሳአር፣ ወደ አገር የመመለስ ሕግ ለአንድ አይሁዳዊ የትዳር ጓደኛ የሚሰጠው ዜግነት ለተመሳሳይ ፆታ የትዳር ጓደኛም እንዲሠራ አዘዙ። በማኅፀን ኪራይ ልጅ ማግኘት ለወንድ ጥንዶች የተከፈተው ከፍርድ ቤት ረጅም ምልልስ በኋላ በጃንዋሪ 2022 ነው።

የማይሰጠውም አለ። የራቢዎች ፍርድ ቤት እነዚህን ጥንዶች አያውቃቸውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ሁሉ ግንብ የቆመው በፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ነው፤ አንድም ሕግ «የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ» ብሎ አልጻፈም። የማዘጋጃ ቤት ጋብቻን ለሁሉም የሚፈቅድ ረቂቅ ክኔሴት ፊት ደጋግሞ ቀርቦ ደጋግሞ ወድቋል፤ ያለ ሃይማኖታዊ ፓርቲዎች መንግሥት ማቆም የሚቻልበት ጊዜ ጥቂት ነውና። በ2023 የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ለመቀነስ መንግሥት ሲነሳ፣ አደባባይ ከወጡት መካከል የቀስተ ደመና ባንዲራ የያዙት የበዙት ለዚህ ነው። ፍርድ ቤት የሰጠውን ሌላ ፍርድ ቤት ሊነሳ ይችላል፣ ወይም ፍርድ ቤቱ ራሱ ጥርሱ ሊወልቅ ይችላል።

ከሳሎን ሳይወጡ ዩታ ላይ መጋባት ይቻላል?

በ2020 ኮሮና ሁሉን ሲዘጋ፣ በአሜሪካ የዩታ ግዛት ውስጥ የሚገኘው ዩታ ካውንቲ ጋብቻን በኢንተርኔት መፈጸም ጀመረ። ሙሽሮቹ ቴል አቪቭ ሶፋ ላይ፣ አጋቢው ዩታ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት። የምስክር ወረቀቱ ይታተማል፣ የዓለም አቀፍ ማረጋገጫ ማኅተም ያርፍበታል፣ ይላካል። አውሮፕላን የለም፣ ሆቴል የለም። ባልና ሚስትም፣ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችም ተሰለፉ።

ሚስራድ ሃፕኒም መጀመሪያ መዘገበ። ከዚያ የወቅቱ ሚኒስትር፣ የሃይማኖታዊው ሻስ ፓርቲ መሪ አርዬ ዴሪ፣ አስቆሙት። ክርክሩ ሲሰሙት ያስቃል፣ ሲያስቡት ግን ከባድ ነው፦ ሙሽሮቹ «እንስማማለን» ያሉት የት ሆነው ነው? ዩታ ከሆነ የውጭ ጋብቻ ነው፣ ይመዘገባል። ቴል አቪቭ ከሆነ እስራኤል ውስጥ የተፈጸመ ጋብቻ ነው፣ እስራኤል ውስጥ ደግሞ የሚያጋባ የለም። በ2022 የሎድ ከተማው አውራጃ ፍርድ ቤት፣ በማርች 2023 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ለጥንዶቹ ፈረዱ። ምክንያቱን አሁን ትገምቱታላችሁ፦ ሰነዱ ሥልጣን ካለው አካል የወጣ ነው፤ «ጋብቻው የት ተፈጸመ?» የሚለው የሕግ እንቆቅልሽ የመዝጋቢው ሥራ አይደለም። የቤልጂየማዊቷ ሴት ክስ ስልሳ ዓመት ተጉዞ ኢንተርኔት ላይ ደረሰ።

የሥነ ምግባሩ ክርክር ታዲያ የቱ ጋ ነው?

ከውጭ ሲታይ ክርክሩ በሁለት ጎራ የተከፈለ ይመስላል፤ ሃይማኖተኛው አንድ ወገን፣ ሃይማኖት የለሹ ሌላ ወገን። ቀርበው ሲያዩት እንዲያ አይደለም።

ኦርቶዶክስ የሚባሉት፣ የአይሁድን ጥብቅ ሥርዓት የሚጠብቁ ራቢዎች መነሻ ግልጽ ነው። ዘሌዋውያን 18፥22 ድርጊቱን ይከለክላል። ከዚያም በላይ በዕብራይስጥ ጋብቻ የሚጠራበት ቃል፣ ኪዱሺን፣ «መቀደስ» ማለት ነው፤ የቅድስና ሥርዓት ደግሞ በድምፅ ብልጫ አይሰፋም። ይህን አቋም የያዘ ሰው ጥንዶቹን መጥላት ግድ አይለውም። የሚለው «ስሙን ተዉልን» ነው። እኛም ዘንድ ቄስ ለሰማንያ ሠርግ ተክሊል አይደፋም፤ ሰማንያ ውርደት ሆኖ ሳይሆን ተክሊል የሌላ ነገር ስለሆነ።

በተቃራኒው የቆሙት የሚሉት፣ ይህ ክርክር የሚያስኬደው መንግሥት ሌላ በር ካለው ነው። ጡረታ፣ ግብር፣ የሆስፒታል ፈቃድ፣ ውርስ የቅድስና ጉዳዮች አይደሉም፤ መንግሥት ከሁሉም ዜጋ በሚሰበስበው ገንዘብ የሚሰጣቸው ናቸው። የእነዚህን ቁልፍ ለራቢ ሰጥቶ «ሃይማኖትን አክብሩ» ማለት ያልቆረበ ሁሉ እንዳይወርስ ማድረግ ነው ይላሉ። ከዚህ ወገን ደግሞ በምዝገባው የማይረኩ አሉ። ዜጋ በአገሩ ለማግባት ወደ ቶሮንቶ መብረር ወይም ዩታ ላይ መደወል የለበትም፣ በጓሮ በር የተሰጠ መብት ቢሰጥም ያዋርዳል ባዮች ናቸው።

ሦስተኛው ድምፅ ብዙ ጊዜ አይሰማም፣ እኔ ግን ክብደት እሰጠዋለሁ። ኪፓ፣ ማለትም የአይሁድ ቆብ፣ የሚያደርጉ፣ ሰንበት የሚያከብሩ፣ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በሃይማኖታቸው የማይቀበሉ፣ ሆኖም መንግሥት ሰማንያ ይኑረው የሚሉ ሰዎች አሉ። እንደ እነሱ አባባል ራባኑት ሕዝቡን በግድ ባስገባ ቁጥር ሕዝቡ ኪዱሺንን እየጠላ ይሄዳል፤ ወደ ላርናካ ከሚበርሩት መካከል በራባኑትም መጋባት ይችሉ የነበሩ ወንድና ሴት አሉ። ያልተገደደ ሰው ቢመጣ በልቡ ነው የሚመጣው። የኔታኒያው ሸሉሽ ዘንድ የሄዱት የቤተ እስራኤል ሙሽሮች ከራባኑት ሸሽተው እንጂ ከኪዱሺን ሸሽተው አልነበረም።

መፋታትስ?

ለማግባት ካናዳ መብረር ይቻላል። ለመፋታት ግን የካናዳ ሕግ አንዱ ወገን አንድ ዓመት እዚያ መኖሩን ይጠይቅ ነበር። እስራኤል ውስጥ ደግሞ አይሁዶችን የሚያፋታው የራቢዎች ፍርድ ቤት ነው፤ እሱ እነዚህን ሰዎች ተጋብተዋል ብሎ አያምንም። ያላጋባውን ምኑን ያፋታል?

ይህ ጣጣ የደረሰው በፕሮፌሰር ዑዚ ኤቨን ላይ ነው። የኬሚስትሪ ምሁር ናቸው፤ በ2002 ክኔሴት ሲገቡ ፆታዊ ዝንባሌውን በግልጽ ያሳወቀ የመጀመሪያው የምክር ቤት አባል ነበሩ። በ2004 ቶሮንቶ ላይ ከዶክተር አሚት ካማ ጋር ተጋቡ፣ ከዓመታት በኋላ ተለያዩ። ሰፋሁ ላይ ግን ያው «ያገባ» ነው። ሚስራድ ሃፕኒም ሁኔታውን ለመቀየር የፍቺ ወረቀት ጠየቀ፤ ወረቀቱን የሚሰጥ አልነበረም። አንድ ጊዜ ለመግባት የተሟገቱበት መዝገብ አሁን አላስወጣም አላቸው።

በ2012 የራማት ጋን የቤተሰብ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ጋብቻውን አፍርሶ ሚኒስቴሩ እንዲመዘግብ አዘዘ። ሁለቱ ወንዶች፣ ሁለቱም አይሁዶች፣ የራቢዎችን ፍርድ ቤት ደጅ ሳይረግጡ ተፋቱ። አይሁዳውያን ባልና ሚስት ቆጵሮስ ላይ ተጋብተው ቢሆን እንኳ ለመፋታት የሚልካቸው ወደ ራቢዎቹ ነው፤ ያ የራማት ጋን በር ለእነሱ እስከ ዛሬ አልተከፈተም።